አንድ እፍኝ ዩሪያ

ሠናይት እንዲህ ትላለች። ቅዳሜ ጠዋት ውዴ እንደ ወትሮዋ የምንጭ ውሃ ቀድታ መጣች። ከሠናይት ጁስ ቤት የዓሣ ገንዳ በየሳምንቱ ሩቡ ውሃ ይቀዳና በምትኩ ንጹሕ የምንጭ ውሃ ይጨመርበታል፤ ይህን የምትሠራው ውዴ ናት። ጨመረች፤ ጀሪካኗን በር ላይ ትታ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደች። ምሳ ሳይደርስ አሥራ አንዱም ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ሠናይት ጀሪካኑን አንሥታ ብታሸትተው ሳሙና ሳሙና አላት። ውዴ ዓርብ ዓርብ የሰው ልብስ እንደምታጥብ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ውዴ ደግሞ እንዲህ ትላለች። ለልብስ የምትይዘው ጀሪካን ሰማያዊው ነው፤ ይሄ ቢጫው ነው፤ ቢጫው ከምንጭ ውሃ በቀር ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም። ገና ወደ ጁስ ቤቱ ስትገባ ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር፤ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ያለከልኩ ነበር። ለሠናይት ነገረቻት፤ መፍጫው ይጮህ ስለነበር አልሰማቻትም። አዲስ ውሃ ነፍስ ይዘራባቸው እንደሆነ ብላ ጨመረችበት። እሷ የደረሰችው ሊሞቱ ሲሉ ነው።

ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነበር፤ የሳሙናው ሽታም ከውዴ እጅ በጀሪካኑ እጀታ ላይ የቀረ ነው። እውነቱን የሚያውቀው ሰው ግን በዚያው ጠዋት እዚያው ቤት፣ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ የአቮካዶ ጁስ ይጠጣ ነበር። ስሙ ይሻው ነው።

ይሻው የፋርጣ ገበሬ ልጅ ነው። ኮሌጅ ገብቶ ዕፅዋት ሳይንስ ተማረ፤ ከተመረቀ በኋላ ቅጥር ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣ ሲለው ደብረ ታቦር ዳር ቦታ ተከራይቶ የአቮካዶ፣ የቲማቲምና የሽንኩርት ችግኝ ማፍላት ጀመረ። ከአንበሳሜና ከሐሙሲት ድረስ ገበሬ ይመጣለታል። የሚመጡት ለችግኙም ለምክሩም ነው፤ ይሻው ይሄን ያህል ማዳበሪያ በቂ ነው ካለ ያ በቂ ነው። ሰው የሚወድለት ደግሞ አለመቸኮሉን ነው። ሁለት ሰዎች ቢጣሉ የሁለቱንም እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «በአንድ በኩል እንዲህ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ እንዲህ ነው» ይላል። ባዩ የሚባለው የሐሙሲት መስመር ሚኒባስ ሹፌር በዚህ ምክንያት «ሚዛኑ» የሚል ስም አውጥቶለት ስሙ ተለጥፎ ቀርቷል።

ገንዳው የሠናይት ነው። ሠናይት ስምንት ዓመት ኩዌት በሰው ቤት ሠርታለች። የአሠሪዎቿ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ነበር፤ ውስጡ የላስቲክ አበባ ሳይሆን ሕይወት ያለው ተክል። በየወሩ አንድ ሽማግሌ ህንዳዊ እየመጣ ያንን ተክል ይከረክማል፣ ይተክላል፣ ይመግባል። ሠናይት ባልዲ ትይዝለታለች። ባልዲ እየያዘች ስምንት ዓመት ተማረች። አገሯ ገብታ ጁስ ቤት ስትከፍት ከውስጥ በኩል ካለው ግድግዳ አጠገብ የራሷን ገንዳ አቆመች። ተክሉንም ዓሣውንም ውሃ በሞላው ፌስታል አድርጋ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አመጣችው። ደንበኛ ዓሣውን ሊያይ ይመጣል፤ ሙሽሮች ፊቱ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። እሷ ግን ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ቅጠሉን ነው።

ሕጓ ጥቂት ነው። መብራቱ በቀን ስምንት ሰዓት፤ ከዚያ ካለፈ መስታወቱ አረንጓዴ ዝልግልግ ይለብሳል። የተክሉ ምግብ በሳምንት አንዴ፣ በጠርሙሱ ክዳን አንድ። የበሰበሰ ቅጠል ዛሬ ታይቶ ለነገ አያድርም። ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ደግሞ፣ ከሥሩ በላይ ያለችው ወፍራም ግንድ አፈር ውስጥ አትቀበርም፤ ድንጋይ ላይ በክር ትታሰራለች።

ይሻው ይህን ያየ ቀን ሳቀ።

«ተክል ድንጋይ ላይ ታስሮ ይበቅላል?»

«ህንዱ እንዲህ ነው ያሳየኝ።»

«ህንዱ ዓሣ አጣቢ ነው፣ ሠናይት። እኔ አራት ዓመት የተማርሁት ተክል ነው።»

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ጥርጣሬ ነበር። ይሻው ጥርጣሬዋን አይቶ አለፈው። ከችግኝ ጣቢያው አፈር አምጥቶ ከጠጠሩ ሥር ደለደለና ወፍራሞቹን ግንዶች በገዛ እጁ አንድ በአንድ ቀበራቸው።

በወሩ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሠናይት ግንዱን ነካክታ፣ «እየላመ ነው፤ ነቅለን እንሰረው ይሆን?» ብትለው «ታገሺው፤ ተክል ቦታ እስኪለምድ ነው» አላት። እሱ ያየው እርሻ ላይ የሚያየውን ነው። በቆሎ እንዲህ ቢጫ ሲሆን ናይትሮጅን ርቦታል ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ዩሪያ ነው። ሐሙስ ቀን ጥቂት ዩሪያ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ሠናይት ከጓዳ ማንጎ ስትልጥ የገንዳውን ክዳን ከፍቶ አንድ እፍኝ በተነበት። ነጩ ፍሬ እንደ ጨው ሟሟ። ያልነገራት፣ በሳምንቱ ቅጠሉ ለምልሞ ስታየው «እጅህ ይባረክ» እንድትለው ፈልጎ ነው። በክዳን አንድ ይበቃል ብላ እንዳትከለክለውም ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲያለከልኩ አየ። ወዲያው ገባው። ዩሪያው ውሃው ውስጥ ተለውጦ መርዝ ሆኗል፤ ኮሌጅ ሳለ ይሄን ተፈትኖበት ነበር፤ መልሱንም በትክክል ጽፎታል። ተነሥቶ ልናገር ይላል፤ ጁሱን አንዴ ይጎነጫል። በዚህ መሐል ውዴ ገባች። ገንዳውን አይታ «ሠናይት፣ እነዚህ ነገሮች ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያዛጉ?» ስትል መፍጫው ይጮሃል። ይሻው ሰማት። ውሃውን ስትጨምርም አያት። ከዚያ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ከሰዓት ሲመለስ ጁስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሠናይት ዓሦቹን በሳህን አውጥታ አጠገባቸው ተቀምጣለች፤ አላለቀሰችም፣ ግን ድምፅዋ ቀጥኗል። ውዴ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን ጫፉን ትጠመዝዛለች።

«እንኳን መጣህ» አለችው ሠናይት። «አንተ የተማርህ ነህ። ሳሙና ዓሣ ይገድላል?»

«ይገድላል» አለ ይሻው። ይሄ እውነት ነው።

«ታዲያ ከሳሙናው ነው?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ይሻው ጉሮሮውን ጠረገ። «በአንድ በኩል ውዴ ተጠንቅቃ ትሠራለች፤ ሁላችንም እናውቃታለን። በሌላ በኩል ደግሞ… ሊሆን ይችላል።»

«ሚዛኑ ፈረደ» አለ ባዩ ከጥግ፤ «ከእንግዲህ ይግባኝ የለም።» ሰው ሳቀ። ውዴ ይሻውን ትንሽ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ቢጫ ጀሪካኗን አዝላ ወጣች።

ይሻው ያን ቀን አንዲት ሐሰት አልወጣችውም። ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ይሄንኑ ለራሱ ደጋገመው፤ በሄደ ቁጥር እየቀለለው ሳይሆን እየከበደው ሄደ።

ደብረ ታቦር ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። በሳምንቱ ሁለት ምግብ ቤቶች ውዴን ትተው ውሃቸውን በአህያ ጋሪ ማስቀዳት ጀመሩ። ልብስ የምታጥብላቸው ሴቶችም «ሰሞኑን ብዙ የለንም» አሏት። ባሏ የሞተባት ናት፤ የምትተዳደረው በጀርባዋ ጉልበት ነው። አንድ ጠዋት ይሻውን ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ጠብቃ አገኘችው።

«ይሻው ወንድሜ፣ አንተን ሰው ይሰማሃል።»

«ምን ልታዘዝ እትዬ ውዴ?»

«ዓሣ ሊሞት ሲል አፉን ወደ ላይ አድርጎ ያለከልካል አይደል? መጽሐፉ ላይ አለ አይደል? እኔ ሳልጨምርበት በፊት እንዲያ ነበሩ። ይሄን ብቻ ንገርልኝ። ሳሙና አልነበረም በል አላልሁህም፤ ያየሁትን ማየቴን ብቻ።»

እሱም አይቶ ነበር። ከእሷ በፊት አይቶ ነበር። «እሺ» አላት። «እነግርልሻለሁ።»

«ይስጥልኝ» አለች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ልትነሣው ስትል ይሻው ባልዲ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ውስጥ ዞረ።

አልነገረላትም። ልናገር ባለ ቁጥር ዓይኑ ላይ የሚመጣው ያ የገበሬ ሰልፍ ነው። በእሱ ቃል ዩሪያ የሚበትን፣ በእሱ ቃል የሚዘራ ሁሉ «ዓሣ በማዳበሪያ የጨረሰው ነው እንዴ?» እያለ ሲሣሣቅ ይታየዋል። ባዩ ደግሞ አንድ ጊዜ ከያዘው ስም አውጥቶ ሐሙሲት ድረስ ይጭነዋል።

ይልቅ ገንዳውን ላድን አለ። ሠናይት ዘንድ ሄዶ «ህንዱ እንዳለው እንመልሰው» ሲላት ደስ አላት። ከጁስ ቤቱ ጎን በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉት ጋሽ አያሌው ጥቁር ክር ሰጧቸው። ሁለቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ግንዶቹን ከአፈር አወጡ፤ የላመውን ቆርጠው ጣሉ፤ ጤነኛዋን ቁራጭ አጥበው ድንጋይ ላይ አሰሩ። ሠናይት ክሩን እንዴት ሳይጠብቅ ሳይላላ እንደሚቋጠር አሳየችው። «እንዲህ፤ ሕፃን እንደምታዝል» አለችው። አፈሩን ጠርገው አወጡ። ውሃውን ሲቀዱ ሠናይት አፍንጫዋን ያዘች።

«ይሄ የሳሙና ሽታ ነው? ሽንት ሽንት ነው የሚለኝ።»

«የበሰበሰው ቅጠል ነው» አላት ይሻው።

ይቺ የመጀመሪያዋ ሐሰት ናት። ከአፉ ስትወጣ ምንም አልከበደችውም፤ ያስደነገጠውም ይሄው ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየሄደ ውሃውን በጥቂቱ ለወጠ፤ መብራቱን በሰዓቱ አጠፋ፤ ምግቡን በክዳን ለካ። የሚያውቀውን ትቶ የምትለውን አደረገ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከታሰረችው ግንድ ጫፍ ላይ እንደ ክታብ የተጠቀለለች አንዲት ቅጠል ብቅ አለች። አረንጓዴዋ ከመስታወቱ ውጭ ያበራ ነበር። ሠናይት ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ አየቻት።

«እጅህ ይባረክ፣ ይሻው» አለች።

ሊሰማት ሲመኛት የነበረች ቃል እነሆ መጣች። ጆሮው ጋለ። «ያንቺው ነው፤ የህንዱ ነው» ብሎ ጠርሙሱን ማጠብ ጀመረ፤ የታጠበ ጠርሙስ ነበር።

ክሩን የሰጡት ጋሽ አያሌው የሰፈሩ ሽማግሌም ናቸው። የሁለቱ ሴቶች መቀያየም ስላሳሰባቸው አንድ ቀን ውዴን ጠርተው ሠናይት ባለችበት፣ ይሻውም ባለበት፣ «ነገሩን እንጨርሰው» አሏት። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ማዪና ይብቃ። ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍትብሽ የለም።»

«እኔ አልምልም፣ ጋሽ አያሌው።»

«ለምን? ንጹሕ ከሆንሽ ምን ያስፈራሻል?»

«አባቴ በድንበር ተካሰው በእውነት ማሉ። ድንበሩ የእኛው ነበር፤ አገር ይመሰክራል። በዚያው ዓመት ሁለቱም በሬዎች ወደቁ፤ ታላቄም ሞተ። አባቴ ሲሞቱ 'ከቤቴ ማንም እንዳይምል፣ በእውነትም ቢሆን' ብለው ነው የሞቱት። በሐሰትም አልበደልሁ፣ በእውነትም አልምልም።»

ባዩ ከውጭ «ያላጠፋ ምን ይፈራል?» ሲል ተሰማ። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ውዴ መሐላ ፈርታ ሸሸች ይል ነበር።

ይሻው ግን ፍርሃቱን ያውቀዋል። እናቱ መንገድ ላይ ሰው ሲምል ከሰሙ አማትበው በሌላ በኩል ይዞራሉ። እሱ ኮሌጅ ሊገባ ሲል የሰጡት ምክር ሁለት ነው፤ ጾም እንዳትፈታ፣ እውነትም ቢሆን እንዳትምል። ንጹሕ ሰው ከመሐላ ሲሸሽ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ከነበሩት ሁሉ አጥርቶ የሚያውቀው እሱ ነበር። ይሄንንም አልተናገረም።

ሌላ ሳምንት አለፈ። ሦስተኛው ምግብ ቤትም ጋሪ ያዘ። ዓርብ ቀን ውዴ በገዛ እግሯ ጋሽ አያሌው ዘንድ መጥታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ «እሺ፣ እምላለሁ» አለች። «ልጄን የማበላው አጣሁ። አባቴ ይቅር ይበሉኝ።»

ይሻው ይሄን ሲሰማ ገንዳው አጠገብ መቀስ ይዞ ቆሟል። እሑድ ሳይደርስ እነግራታለሁ አለ። ዓርብ ማታ ሠናይት ደክሟታል ብሎ ተወው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ገበሬው በዝቶ ውሎው አለፈ። አመሻሽ ላይ ጁስ ቤቱ ሄዶ «ሠናይት፣ የምነግርሽ ነገር ነበር» አላት። ባዩ ከጥግ «ሊያገባሽ ነው ሠናይት፤ በአንድ በኩል ትወደዋለሽ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሊሆን ይችላል» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሠናይትም ሣቀች። ይሻው «የአዲሷን ቅጠል ነገር ነው» ብሎ ስለ ቅጠሏ አወራ። ሁለተኛ ቅጠል ወጥታ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ከቅጥሩ በር ላይ ተሰበሰበ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ነው፤ ከጁስ ቤቱ ደንበኞችም፣ ከምግብ ቤቶቹ ባለቤቶችም ነበሩ። ጋሽ አያሌው ነጭ ጋቢ ለብሰው በመካከል ቆሙ። ሠናይት ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ እሷም ደስ ያላት አትመስልም። ውዴ ላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጎን አስቀመጠች። የምትምል ሴት ባዶ እግሯን ነው የምትቆም። እግሯ ተሰነጣጥቋል። እጇን ደጃፉ ላይ ልታኖር ዘረጋች፤ መልሳ በሌላው እጇ ያዘችው።

ይሻው ወደ ጋሽ አያሌው ሄዶ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ አለ።

«አታስምሏት። ዓሦቹን የገደልሁ እኔ ነኝ።»

ጋሽ አያሌው ሳይዞሩ «ምን አልህ?» አሉ።

«ዩሪያ ጨመርሁበት፤ ተክሉ እንዲለመልም። ሐሙስ ቀን። እሷ ስትመጣ ሊሞቱ ነበር፤ አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በደግነት ነበር የተናገሩት። «ስማኝ ልጄ። አንተ ወጣት ነህ፣ ሥራህም በስምህ ነው የቆመው። አሁን መሐላው ቀርቷል ብዬ ሰዉን ልበትነው። ለሠናይት ለብቻዋ እነግራታለሁ። ውዴንም በሌላ ጊዜ እናስታርቃለን። ሰው ይረሳል።»

ይሻው ውዴን አየ። አሁንም አንዱን እጇን በሌላው ይዛ ቆማለች። መሐላው ሳይማል ቢበተን ሰው የሚወስደው አንድ ወሬ ነው፤ ደጃፉ ድረስ መጥታ ሳትምል ተመለሰች የሚል። ጋሽ አያሌው ያቀረቡለት ምሕረት ለእሱ ብቻ ነበር። ለሳምንታት ራሱ ለራሱ ያቀረበለትም ይሄንኑ ነበር።

«አይ፣ ጋሽ አያሌው» አለ።

«ሚዛኑ ደግሞ ምን ሊል ነው?» አለ ባዩ። «በአንድ በኩል…»

«ሌላ በኩል የለውም» አለ ይሻው፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። ፊቱ እሳት ሆኖ ይሰማዋል። ሠናይትን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ዓይኑን ውዴ ጫማ ላይ ተክሎ ተናገረ።

«እትዬ ውዴ፣ ጫማሽን አድርጊ። አትምይም። የሠናይትን ዓሦች የገደልሁ እኔ ነኝ፤ ገንዳው ውስጥ ዩሪያ በትኜ። ተክሉንም ያበሰበስሁት እኔ ነኝ፤ ሠናይት በትክክል አስራው ነበር። ውዴ ስትገባ ዓሦቹ ሲያለከልኩ እኔም አይቻለሁ፣ ስትናገርም ሰምቻለሁ፤ ጠይቃኝ እንኳ አልመሰከርሁላትም። አሁን ከዚህ ተነሥቼ ውሃዋን ትተው ጋሪ የያዙትን ቤቶች ሁሉ አንድ በአንድ ዞሬ ይሄንኑ እናገራለሁ፤ ቅዳሜም ገበያ ላይ ለገበሬው እናገራለሁ። ባዩ፣ አንተ ሐሙሲት ድረስ ንገርልኝ።»